ካስማውን ይዤ ወደ አስማረ ድልድይ

«ወረቀት ይዘህ ና» ያላችሁኝ የጋራዤ ደንበኞች፣ ይኸው ወረቀት። ማህተም የለበትም፤ የጻፍኩትም ራሴ ነኝ። ከዓባይ ማዶ እስቴን አልፎ ስማዳ ድረስ እግራችሁ እንደማይሄድ ስለማውቅ፣ የሄድኩበትን ቀን በቀን አስቀምጬላችኋለሁ። መሃል ላይ እንዳትስቁ። የምትስቁበት ቦታ ሲደርስ እኔው እነግራችኋለሁ።

ለማያውቀኝ አንባቢ፦ ደጉ እባላለሁ፤ ሞጣ ገበያው ዳር ትንሽ ጋራዥ አለኝ። ሰው «አለቃ» የሚለኝ ድሮ ሃምሳ አለቃ ስለነበርኩ ነው። የመሃንዲስ ክፍል ወታደር ነበርኩ፤ የማዝዘው ታንክም መድፍ አልነበረውም። መድፉ በሚቀመጥበት ቦታ የታጠፈ የብረት ድልድይ ተሸክሟል። ገደል አፍ ላይ ሲደርስ ብረቱን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ያነሳና እንደ ሰንጢ ከፍቶ ማዶ ላይ ያሳርፈዋል፤ ሌላው በላዩ ይሻገራል። ወታደሩ ሲያሾፍበት «አልጋ ተሸካሚው» ይለው ነበር። ሠራተኞቹ ሁለት ነን፤ እኔ አዛዥ፣ አስማረ የሚባል ልጅ ሹፌር።

አስር ዓመት ሙሉ ምን ስላችሁ እንደኖርኩ ታስታውሳላችሁ። በጦርነቱ ማብቂያ ጦሩ ከጋይንት በስማዳ በኩል ሲያፈገፍግ፣ አንድ ገደል ላይ ድልድይ ዘርግቼ ቁስለኛ አሻገርኩ እላችሁ ነበር። ምስክሬ ጋራዡ መደርደሪያ ላይ የነበረው፣ ዘነዘና የሚያህለው ካስማ ነው። ድልድዩ ከተዘረጋ በኋላ መሃል መጋጠሚያው ላይ የሚገባ፣ ብረቱ እየዋለ እያደረ እንዳይላላ የሚይዝ ካስማ ነው። «ታዲያ ለምን እዚህ መጣ?» ስትሉኝ «ትርፉ ነው» እላችሁ ነበር።

ባለፈው ኅዳር አንድ የስማዳ ምስር ነጋዴ አይሱዙው ተበላሽቶበት መጣ። ካስማውን አይቶ ምንነቱን ጠየቀኝና እንደ ልማዴ አወራሁለት። ሰውየው በየዋህነት እነሱም አገር እንዲህ ያለ ድልድይ እንዳለ፣ አስማረ የሚባል ወታደር ብቻውን እንደዘረጋው፣ ስሙም የአስማረ ድልድይ እንደሆነ ነገረን። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ከእናንተ አንዱ አስማረ ሲዘረጋ እኔ ተኝቼ እንደነበር ጠየቀኝ፤ ማን እንደሆነ አልረሳሁም። በንዴት ተነስቼ፣ ድልድዩን የዘረጋሁት እኔ እንደሆንኩ የሚመሰክር የቀበሌ ማህተም ያለበት ወረቀት ካላመጣሁ ጋራዡን እዘጋለሁ ብዬ ማልኩ። አስማረን የትኛው ማንሻ ምን እንደሚያነሳ ያስተማርኩት እኔ፣ ስሙ የወጣለት እሱ! እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው፤ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ሰኞ

ጥር በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ሌሊቱ ሳይነጋ በእግሬ ወደ ዓባይ ወረድኩ። በባሕር ዳር የሚዞረው አውቶብስ አለ፤ ግን ለአስማረ ብዬ ያን ሁሉ መንገድ መዞር ክብሬን የሚነካ መሰለኝ። ካስማውን በትከሻ ቦርሳዬ ይዤዋለሁ። ባለቤቴ በሶና ዳቦ ቋጥራልኝ ነበር፤ ካስማው ከስንቄ ሁሉ ይከብዳል። ቁልቁለቱን ስጨርስ ትከሻዬ ላይ የገመድ ሰንበር ወጥቶ ነበር።

ሰባራ ድልድይን ብዙዎቻችሁ በስም ታውቁታላችሁ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን በድንጋይና በኖራ የታነጸ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ኖራው በእንቁላል የተቦካ ነው ይላሉ። መካከለኛው ቅስት በጣሊያን ጊዜ ፈርሶ ስለቀረ ሰው የሚሻገረው በገመድ ነው። በዚህ ማዶና በዚያ ማዶ ጎበዞች ቆመው ወገብህን ያስሩሃል፤ እነዚህ እየለቀቁ እነዚያ ይስቡሃል። እኔ፣ ታንክ የሚያሻግር ድልድይ የማዝዝ የነበርኩት ሰው፣ እንደ ጤፍ ጆንያ ታስሬ ዓባይ ላይ ተንጠለጠልኩ። መሃል ላይ ስደርስ ቦርሳዬ ዞረና ካስማው በክፍቱ አፍ ብቅ አለ። በሁለት እጄ አቅፌ ያዝኩት፤ ገመዱን መያዝ ተውኩ ማለት ነው። ከእስቴ በኩል የሚስበኝ ሽማግሌ ምን ተሸክሜ እንዲህ እንደከበድኩ ጠየቀኝ። «ድልድይ» አልኩት። ሁሉም ሳቁ፤ በሳቃቸው መሃል ገመዱ ትንሽ ሲረግብ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

ማዶ ተቀምጬ ስተነፍስ ድንጋዮቹን አየሁ። የታነጹት ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ነው፤ ግንበኛውን ወረቀት አምጣ ያለው የለም። እውነቱን ለመናገር በሱም ቀናሁ።

ያን ሌሊት ያሳደረኝ ከወንዙ በላይ ያለ ገበሬ ነው። ስሜን ሳይጠይቅ እግሬን አጥቦ መደቡን ለቀቀልኝ። እኛ ሞጣ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆነ እንጠይቃለን፤ እነሱ መጀመሪያ ውሃ ያሞቃሉ። እራቱ የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ ነበር። በጤፋችን የምንኮራ ሰዎች ነን፤ እኔ ግን አራት ጊዜ አስጨመርኩ።

ማክሰኞ

ቀኑን ሙሉ ዳገት ወጥቼ ማታ መካነ ኢየሱስ ገባሁ። መንገድ ላይ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተላቀቀ፤ በገመድ አስሬው እያጨበጨበ ገባሁ። ከተማዋ ከሞጣ ብዙም አትተናነስም፤ እንዲያውም ትምህርት ቤቷ ከኛው ይበልጣል። ይህን በመጻፌ እንዳትቀየሙኝ፤ እኔም ስጽፈው አልጣመኝም።

አልጋ ቤቱ ሞልቶ ስለነበር ባለቤቷ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ጋር አንድ ክፍል ሰጠችኝ። መሪጌታ ልሳኑ ይባላሉ፤ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀኝ እግራቸውን ትንሽ ይስባሉ። ለጥምቀት የሚሆን ዕጣንና ጧፍ ገዝተው ወደ ስማዳ ሊመለሱ ነበር። በልማዴ ወሬ ጀመርኩ፤ ስለ ጦር ሠራዊቱ እንግዳ ተሽከርካሪዎች። ውሃ ላይ እንደ ዳክዬ የሚንሳፈፍ ብረት ለበስ፣ ፊቱ ላይ ከባድ ጎማ እየገፋ ፈንጂ የሚያፈነዳ ታንክ፣ ቦይ እየቆፈረ የሚሄድ መኪና እንዳለ ነገርኳቸው። ሰዎች ይህን ሲሰሙ አፋቸውን ይከፍታሉ። መሪጌታ ግን ሰሙኝና የኖኅ መርከብም መቅዘፊያ እንዳልነበራት ነገሩኝ። ከዚያ ቀጥለው፣ እነሱ ደብር አጠገብ ድልድይ በጀርባው የተሸከመ ታንክ እንዳለ፣ የዘረጋውም አስማረ የሚባል ደግ ሰው እንደሆነ አወሩልኝ።

ደብራቸው ከድልድዩ ማዶ ያለችው ማርያም ናት። ድሮ በከተራ ቀን ታቦቱ ገደሉን ወርዶ ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር፤ መሪጌታም ዲያቆን ሳሉ ከታቦቱ ጋር ሲወርዱ አዳልጧቸው ጉልበታቸው የተሰበረው እዚያው ነው። ዛሬ ግን በአስማረ ድልድይ እየዘመሩ ይሻገራሉ። ማን እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም። ኩራዙን አጥፍተው ሲተኙ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ረቡዕ

በማግስቱ ከመሪጌታ ጋር በእህል አይሱዙ ላይ ወደ ወገዳ ተሳፈርን። መንገዱን መንገድ ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። የኛ አገር መንገድ ቢያንስ ጉድጓዱ ቦታውን ያውቃል፤ እዚህ ጉድጓዱ አብሮን ይሄድ ይመስላል። ግማሽ ላይ የማራገቢያው ቺንጊያ፣ የጎማ ቀበቶው፣ ተበጥሶ ሞተሩ ጨሰ። ሹፌሩ ወርዶ ራሱን ያዘ። እኔ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ላስቲክ ቀጭን አድርጌ ቆረጥኩ፣ ጫፉን በሽቦ ሰፋሁ፣ አስገባሁት፤ ተነሳ። ተሳፋሪው አጨበጨበ። ደስ አለኝ፤ ከሁለት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ደስታዬ ነበር። ሹፌሩ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «እጅህ ልክ እንደ አስማረ ነው» አለኝ።

ወገዳ ስንደርስ ቀኑ የጾም ስለሆነ ሽሮና ቃሪያ በላን። ሹፌሩ ሂሳቡን እኔ እንዳልከፍል ከባለ ሆቴሏ ጋር ተጣላልኝ። ለደግነቱ ማመስገን ነበረብኝ፤ እኔ ግን የማስበው አስማረ እዚህ ከተማ ሲመጣ ማን እንደሚጋብዘው ነበር።

ሐሙስ

ከወገዳ በእግር ግማሽ ቀን ነው። መሪጌታ በቅሎ ተልኮላቸው ስለነበር ቦርሳዬን ኮርቻው ላይ ጫኑልኝ። ገብሱ ታጭዶ ክምሩ በየማሳው ቆሟል፤ በየአውድማው በሬ እየዞረ ያበራያል። ቀትር ሲሆን ገደሉ አፋፍ ላይ ደረስን። መጀመሪያ ያየሁት ድልድዩን አልነበረም፤ ቆሜበት የነበረውን ቦታ ነው።

እንግዲህ አስር ዓመት የዋሸኋችሁን እዚህ ልናዘዝ። በዚያ ቀን ከማዶ መጥተን ገደሉ አፍ ላይ ስንደርስ ከኋላችን ቁስለኛ የጫኑ መኪኖች ነበሩ፤ መኪና ያልደረሳቸውን ጓዶቻቸው በቃሬዛ ይዘዋቸዋል። ሹፌሩ ከታንኩ ውስጥ ሆኖ የድልድዩ ጫፍ የት እንደሚያርፍ አያይም። ስለዚህ አዛዡ ገደሉን ወርዶ፣ ማዶ ወጥቶ፣ መሬቱ መጽናቱን አይቶ ምልክት ይሰጣል። ቀኝ እጅን ከፍ አድርጎ መዳፍን ወደ መሬት መዘርጋት «አውርድ» ማለት ነው። ሹፌሩ ሲጨርስ «ተዘርግቷል!» ብሎ ይጮኻል፤ አዛዡ ያን ጊዜ መጥቶ ካስማውን ያስገባል። ካስማው ከአዛዡ ቦርሳ አይለይም፤ ደንቡ ነው።

ወረድኩ፤ ወጣሁ፤ አሁን መሪጌታ ከበቅሎ የወረዱበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ከታች በኩል ገደሉን ዞሮ ያለፈ አንድ መኪና ወታደር ጭኖ ሊነሳ ነበር። የመድፉ ድምፅ ቀርቧል። መኪናው ላይ ያለ አንድ ሰው «ና ውጣ!» ብሎ እጁን ዘረጋልኝ። እኔም እጄን አነሳሁ፤ ምልክት ልሰጥበት የሚገባኝን እጅ። የሰውየውን እጅ ያዝኩበት። መኪናው ሲነሳ ዞር ብዬ አየሁ፤ አስማረ በታንኩ ክዳን አንገቱን አውጥቶ እኔን እየጠበቀ ነበር።

የዋሸኋችሁ ይህንን ነው። አሁን መሳቅ ትችላላችሁ።

ድልድዩ ያለ ምልክት የወረደ አይመስልም። ሁለቱም ጫፍ መሬቱን ነክሶ ይዟል፤ ስንዝር አልተዛነፈም። በሁለቱ የብረት መንገዶች መሃል ያለውን ክፍተት ባሕር ዛፍ ረብርበውበታል። ታንኩ ማዶ ቆሟል፤ ዝጎ ቀልቷል፤ ከኋላ ክዳኑ ንብ ይወጣና ይገባል። አስማረ ሞተሩ ቤት ውስጥ ከሰፈረው ንብ በዓመት ሁለት ጊዜ ማር ይቆርጣል አሉኝ። እኔ ሞጣ ላይ ከሞተር የማገኘው ጥቁር ዘይት ነው።

አስማረ ከአውድማው እየሮጠ መጣ። ትንሽ ሸብቷል፤ ወፍሯል። ሊያባርረኝ ወይም ሊሰድበኝ ይችላል ብዬ ለሦስት ሌሊት መልስ አዘጋጅቼ ነበር። «አለቃ!» አለና አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፤ አለቀሰ። ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ተጠርቶ ሲመጣ እጄን ይዞ መሃል አስቀመጠኝ።

«ስነግራችሁ የነበርኩት አለቃዬ ይኸውላችሁ» አላቸው። «ማዶ ቁሞ በእጁ ምልክት ባይሰጠኝ ኑሮ ድልድዩን ገደል እከተው ነበር። ጥይት በዝቶ ተለያየን እንጅ።»

ሽማግሌዎቹ ተነስተው ሳሙኝ። ሚስቱ ወይዘሮ የሻረግ የመጀመሪያውን ዋንጫ ጠላ ለእኔ ቀዳች። በሕይወቴ እንዲህ የመረረ ጠላ ጠጥቼ አላውቅም፤ ጠላው ግን ግሩም ነበር። ስሙን ለብቻው መያዝ ሲችል አካፍሎኛል። በሀብቱ፣ በሚስቱና በማሩ መቅናት አንድ ነገር ነው፤ በደግነቱ መቅናት ግን የሚያሳፍር ነው፤ ቀናሁበት ግን።

አርብ

የአርብ ገበያ ቀን ነው። ገና ጎህ ሲቀድ ሰው ከነአህያው በድልድዩ መጉረፍ ጀመረ፤ ወደ ታች ጋይንት ነው የሚሄደው። በግ የሚነዳ፣ ገብስ የጫነ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፤ ታንኩ አጠገብ ሲደርስ ሁሉም «አስማረ፣ እንዴት አደርህ» ይላል። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ስሙን ጠርቶ አለፈ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን እሰፋለሁ።

ገበያተኛው ካለፈ በኋላ ድልድዩን በባለሙያ ዓይን መረመርኩት። ስህተት ፈልጌ ነበር፤ አገኘሁም። ብረቱን እንዳለ እንደ አውድማ በእበትና በጭድ ለቅልቀውታል! እበት እርጥበት ይይዛል፤ እርጥበት ብረት ይበላል። አስማረን ጠርቼ እንደ ጥንቱ ተቆጣሁት፤ ቁጣው እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ። እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ከብቱ ባዶ ብረት እንደማይረግጥ፣ ሰኮናው ሲያቃጭል ደንብሮ ወደ ገደሉ እንደሚዘል፣ በመጀመሪያው ዓመት አምስት በሬ እንደገደለባቸው ነገረኝ። ስለዚህ መኸር ሲገባ ሴቶቹ አውድማ በሚለቀልቁበት ቀን ድልድዩንም ይለቀልቃሉ፤ ሰኔ ሲገባ ደግሞ ወንዶቹ ፍቀው አጥበው ሞራ ይቀቡታል። በጣቴ ትንሽ ፈቅቼ አየሁ። ከሥሩ ያለው ብረት ጤነኛ ነበር። በጦሩ መጋዘን ውስጥ የነበሩት አቻዎቹ እንዲህ አልተያዙም።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ለምን እንደዋሸ ጠየቅሁት።

«ሸሸ ልበላቸው?» አለኝ። «እርስዎ ሸሹ፤ ሰው እንደሆነ ይሸሻል። እኔም ከታንኩ ስወርድ ቁርጭምጭሚቴ ባይወልቅ ኑሮ እሸሽ ነበር። ቁስለኛው ሁሉ ሲያልፍ እኔ መራመድ አቃተኝ። የየሻረግ አባት በጀርባቸው ተሸክመው ቤታቸው አስገቡኝ፤ በዚያው ቀረሁ።»

አምላክ ያሳያችሁ፣ በቁርጭምጭሚቱም ቀናሁ።

ያን ጊዜ ካስማውን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየሁት። በሁለት እጁ ተቀብሎ እንደ ሕፃን አቀፈው። ነገ ከተራ ነው፤ ታቦቱ ከመሻገሩ በፊት በየዓመቱ ካስማው ወጥቶ ይፈተሻል፤ ነገ ይኸኛው ይገባል፣ እድሜ ለእርስዎ አለኝ። ሰውነቴ ሞቀ። ቢያንስ አንድ ነገር በድልድዩ ላይ የእኔ ይሆናል።

ቅዳሜ

ጠዋት መንደሩ ሁሉ ድልድዩ ላይ ነበር። የካስማው ሥራ የባለ እጁ የአያ ውባለ ነው። በሌላ ቀን ሰው በጎሪጥ የሚያየው ቀጥቃጭ፣ በከተራ ጠዋት ከመሪጌታ ቀጥሎ ይቆማል። ካስማ እንደሌለ የታወቀው በመጀመሪያው ክረምት ነው አሉ፤ ድልድዩ መሃል ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር። ያኔ አያ ውባለ ከራሱ ከታንኩ ብረት አንድ ቀጥቅጦ ሠራ። ጉድጓዱ በከብቱ ግፊት እየሰፋ ሲሄድ፣ በየሦስት ዓመቱ ወፈር አድርጎ ሌላ ይሠራል። አሁን ያለው አራተኛው ነው።

አስማረ የእኔን ካስማ ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ፤ ዋናው፣ ከፋብሪካው የመጣው ይኸ ነው ብሎ አወጀ። ሴቶች እልል አሉ። አያ ውባለ አሮጌውን በመዶሻ መትቶ አወጣና ቦታውን ለእኔ ለቀቀ። ተንበረከክሁ። ካስማውን ጉድጓዱ አፍ ላይ አስቀመጥኩት።

ያለ መዶሻ ገባ። ሙቀጫ ውስጥ የወደቀ ዘነዘና ይመስል ወዲያ ወዲህ አለ፤ ስለቅቀው በሌላው በኩል ሾልኮ ወጣ። ወደ ገደሉ ሊወርድ ሲል አያ ውባለ በእጁ ቀለበው።

ማንም አልሳቀም። ብትስቁ ይሻለኝ ነበር ብዬ እናንተን አሰብኩ። አያ ውባለ የሱን ካስማ ሞራ ቀብቶ መልሶ አስገባ፤ በሦስት ምት ተቆለፈ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እኔ ደግሞ የራሴን ወርቅ አስር ዓመት ደብቄ ሳቆየው ወርቅነቱ አለፈበት። ካስማው ሲፈለግ እኔ ጋ መደርደሪያ ላይ ነበረ፤ ሲደርስ ጉድጓዱ ሌላ ለምዷል።

መሪጌታ ብረቱን ከአያ ውባለ እጅ ተቀብለው መዘኑት። ደብሩ ደወል አድርጎ የሰቀለው የዚያኑ ታንክ እግር ቸርኬ ነው፤ መምቻው ዱላ ስለሆነ ድምፁ ማዶ አይደርስም ነበር። ይህ ለመምቻ እንደሚሆን ነገሩኝና ፈቃዴን ጠየቁ። እሺ አልኩ። በስምንት ሰዓት ታቦቱ ሲወጣ በእኔ ካስማ ደወሉ። የብረቱ ድምፅ ገደሉን ሞላው። ሕዝቡ ነጭ ለብሶ በአስማረ ድልድይ ላይ ሲሻገር፣ እበቱ የእግሩን ኮቴ ዋጠው፤ የሚሰማው ዝማሬውና ደወሉ ብቻ ነበር። አለቀስኩ፤ ግማሹ ቅናት ነው፤ ሌላውን ግማሽ አላውቀውም።

እሑድ

ጥምቀት ነው። ጠበል ተረጨን፤ በግ ታረደ፤ ከታንኩ ማር ጠጅ ተጥሎ ነበር። የቀበሌው ጸሐፊ ለበዓሉ መጥቶ ስለነበር አስማረ ጉዳዬን ነገረው። ጸሐፊው እዚያው ጉልበቱ ላይ ጻፈ፤ ድልድዩ የተዘረጋው በሃምሳ አለቃ ደጉ ትእዛዝና ምልክት ሰጪነት ነው ብሎ። አስማረ ፈረመ። ማህተሙ ሰማያዊ ነበር፤ ክቡ ያለ ምንም እንከን አረፈ። የመጣሁበት ወረቀት እጄ ገባ። ኪሴ ውስጥ ሆኖ ጠጁን እንኳ አላስጠጣኝም።

ሰኞ

ወይዘሮ የሻረግ አንድ ቅል ማርና ድርቆሽ ቋጠረችልኝ። ቦርሳዬ ከካስማው ይልቅ በማር ከብዶ ነበር። መሪጌታ እስከ ወገዳ መንገድ ሊሸኙኝ ድልድዩን አብረውኝ ተሻገሩ፤ አስማረ በሬዎቹ አውድማ ላይ ስለቆሙ ታንኩ አጠገብ ተሰናብቶኝ ቀረ። ማዶ ስንደርስ ወረቀቱን አውጥቼ ለመሪጌታ ሰጠኋቸው።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ» አልኳቸው። «ምልክት አልሰጠሁም።»

ወረቀቱን አጥፈው እጀ ጠባባቸው ውስጥ ከተቱት።

«እግዜር ይፍታህ። አውቃለሁ፣ ልጀ» አሉኝ። «ያን ዕለት እዚያ ቁጥቋጦ ሥር ተደብቄ ነበር። መኪና ላይ ስትወጣ አይቸሃለሁ። እሱ ግን በጠበቀህ ጊዜ ስምህን ይጠራ ነበር፤ ሰምተኸው ከሁነ ይኸው ቅጣት ይበቃሃል ብየ ነው ዝም ያልሁ።»

አልሰማሁትም ነበር፤ የመኪናው ድምፅ ጆሮዬን ሞልቶት ነበር። መሪጌታ በበትራቸው ተደግፈው እያነከሱ ወደ ድልድዩ ተመለሱ። እኔ ያው ቦታ ላይ ብቻዬን ቆምኩ። ማዶ አስማረ ታንኩ ላይ አንድ እግሩን አስቀምጦ ያየኛል። በድልድዩ መሃል አንዲት ሴት አህያ ትነዳለች። አሁንም እቀናበታለሁ፤ ዛሬ ይህን ስጽፍም አልለቀቀኝም።

ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩ። መሬቱን በእግሬ ረገጥ ረገጥ አድርጌ ጽናቱን አየሁ። ከዚያ ቀኝ እጄን ከፍ አድርጌ መዳፌን ወደ መሬት ዘረጋሁ።

አስማረ እጄን አየ። ከዚያ እግሩን ከታንኩ አወረደ፤ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ድምፁም ገደሉን ተሻግሮ መጣ፦

«ተዘርግቷል!»